ጂኦጌሰር በካራቫን ጉዞ ላይ፦ የአውስትራሊያን ቦታዎች ከፎቶ ለመለየት ምን ያህል ያዋጣል?

አውስትራሊያን ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ጎትቶ ለሚዞር ቤተሰብ፣ ቦታን ከፎቶ የማወቅ ጨዋታ የሆነው ጂኦጌሰር ዋጋውን ያወጣል። ነገር ግን እንደተከፈተ ከተጫወቱት በሁለተኛው ምሽት ይሰለቻል። ምክንያቱ የካርታ ምርጫ ነው። «አውስትራሊያ» የሚለውን ዋና ካርታ ሲከፍቱት ኡሉሩን (በመሐል አገሩ ያለውን ግዙፍ ቀይ ቋጥኝ) ወይም የሲድኒን ኦፔራ ቤት የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ የሚመጣለት ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ የሆነ፣ መጨረሻው የማይታይ አስፋልት ነው። ታዋቂ ቦታዎችን ከፎቶ መለየት የሚፈልግ ካርታውን ራሱ መሥራት ይኖርበታል። የትኛው ክፍለ ግዛት ውስጥ እንዳለ ከመንገዱ ዳር ማንበብ ለሚፈልግ ግን ዋናው ካርታ የሚስተካከለው የለም። ሦስት ምሽት በዋናው፣ አንድ ምሽት በራስ ካርታ መጫወት ሁለቱንም ያስገኛል።

ለማያውቁት አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው በ2013 (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስዊድናዊው አንቶን ዋሌን የተጀመረ ሲሆን ምስሎቹን የሚወስደው መንገዶችን ዙሪያቸውን ፎቶ አንስቶ ከሚያሳየው ከጎግል ስትሪት ቪው ነው። አንድ ጨዋታ 5 ዙር አለው። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ይጥላችኋል፤ ዙሪያችሁን ታዩና ካርታው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። የአንድ ዙር ከፍተኛ ነጥብ 5,000፣ የጠቅላላው 25,000 ነው። በዓለም ካርታ ላይ 100 ኪሎ ሜትር መሳት የሚያሳጣው 300 ነጥብ ገደማ ነው። በአውስትራሊያ ካርታ ግን ቅጣቱ ይከብዳል፤ ነጥቡ ከካርታው ስፋት ጋር ተመዛዝኖ ስለሚሰላ ካርታው ባነሰ ቁጥር ስህተት ይወደዳል። ስለዚህ «ምዕራብ አውስትራሊያ ነው» ብሎ መሐል ላይ ምልክት ማድረግ አያዋጣም። ያ ክፍለ ግዛት ብቻውን 2.5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ ከነትርፉ ይውጣል።

የራስ ካርታ መሥራት ቀላል ነው። ወደ ካርታ መሥሪያው ገብታችሁ በሰማያዊ መስመር የተሸፈኑትን መንገዶች ትነካላችሁ፤ ምስሉ ሲከፈት ተጫዋቹ መጀመሪያ የሚያየውን አቅጣጫ ታስተካክላላችሁ፤ ከዚያ ታስቀምጣላችሁ። ለመጫወት ቢያንስ 5 ቦታ ያስፈልጋል፤ 5 ብቻ ከሆነ ግን በአንድ ጨዋታ ያልቃልና ወደ 40 ማድረስ ይሻላል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አቅጣጫው ላይ ነው። ቋጥኙን ወይም ሐውልቱን መሐል ላይ አድርጎ ማስቀመጥ ዙሩን በሁለት ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ለቦታው ጀርባን ሰጥቶ፣ መኪና ማቆሚያውንና የመብራት ምሰሶውን አስቀድሞ ማሳየት ነው ጨዋታ የሚያደርገው። ሌላው ጥንቃቄ ሰዎች ራሳቸው ከጫኗቸው ነጠላ ክብ (360 ዲግሪ) ምስሎች መራቅ ነው፤ እነሱ ላይ መንቀሳቀስ አይቻልም፣ አንዳንዶቹም ስፌታቸው የተዛባ ነው። በሌሎች ተጫዋቾች የተሠሩ «ታዋቂ ቦታዎች» የሚሉ ካርታዎች ብዙውን ጊዜ በእነዚህ የተሞሉ ስለሆኑ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ዙር ሞክሯቸው።

የሰዓት ገደቡ ከ10 ሴኮንድ እስከ 10 ደቂቃ ይስተካከላል። ልጆች ካሉ 2 ደቂቃ ጥሩ ነው። መንቀሳቀስ፣ መዞርና ማቅረብ የሚከለክለው ዓይነት ከሁሉም ይበልጥ የፎቶ ግምት ጨዋታን ይመስላል፤ አንድ ምስል፣ አንድ ግምት። እሱ ደግሞ ዳታ ይቆጥባል፤ በየእርምጃው አዲስ ምስል አይጭንምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለትም ጨዋታው ዓይንን ምን እንደሚያስተምር።

ከአውስትራሊያ ፍንጮች ሁሉ አስተማማኙ የደቡብ አውስትራሊያ የመብራት ምሰሶ ነው። ሁለት የብረት ዘንግ፣ መሐሉ በኮንክሪት የተሞላ፣ ከጎን ሲያዩት ሰፊ፣ ከፊት ሲያዩት ቀጭን። ስቶቢ ምሰሶ ይባላል፤ የአደላይድ መሐንዲስ የነበረው ጄምስ ሲረል ስቶቢ በ1924 የፈለሰፈው ነው። ምስጥ የማይበላው ምሰሶ ያስፈለገው ክፍለ ግዛቱ ረጅምና ቀጥ ያለ እንጨት ስለሚያጥረው ነበር። ይህን ምሰሶ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ ሳይፈልግ ደቡብ አውስትራሊያ ላይ ምልክት ማድረግ ይችላል።

ታርጋ ሁለተኛው ነው፤ ግን በጥንቃቄ። ስትሪት ቪው ቁጥሩን ያደበዝዛል እንጂ ቀለሙን አያጠፋም። ቢጫ ላይ ጥቁር ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ነጭ ላይ ደማቅ ቡናማ ቀይ ክዊንስላንድ፣ ነጭ ላይ የሸክላ ቀለም ደግሞ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ካራቫን የሚጎትት መኪና ላይ ያለውን ታርጋ ሲያምን ነው። ያ መኪና ቤቱ የት እንደሆነ እንጂ ቆሞ ያለው የት እንደሆነ አይናገርም፤ ክረምታቸውን ለመሸሽ በሰኔና በሐምሌ ወደ ሰሜን የሚጎርፉት ደቡቦች ሰሜኑን በቪክቶሪያ ታርጋ ይሞሉታል። ማመን ያለባችሁ በከተማ ውስጥ ቤት ደጃፍ የቆሙትን፣ የማዘጋጃ ቤት መኪኖችንና የገበሬ ፒክአፖችን ነው።

የፍጥነት ምልክት ላይ 130 ካነበባችሁ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ነው፤ ሌሎቹ ከ110 አያልፉም። የመንገድ ቁጥርም ይናገራል። አብዛኛው ምሥራቅና ደቡብ ከቁጥሩ በፊት ኤም፣ ኤ ወይም ቢ የሚል ፊደል ያስቀድማል፤ ምዕራብ አውስትራሊያ ግን እስካሁን ቁጥሩን በጋሻ ቅርጽ ውስጥ ብቻ ይጽፋል። በረጅም አውራ ጎዳናዎች ዳር በየ5 ወይም በየ10 ኪሎ ሜትሩ የምትቆመው ትንሽ አረንጓዴ ሰሌዳ ደግሞ ወርቅ ናት። ላይዋ የቀጣዩ ከተማ መነሻ ፊደላት፣ ከሥር የቀረው ርቀት ይጻፍባታል። የአሊስ ስፕሪንግስን ሁለት መነሻ ፊደላትና 50 ቁጥርን ያየ ሰው ቦታውን በትክክል ያገኘዋል፤ የሚቀረው ከየት አቅጣጫ እንደሆነ መለየት ብቻ ነው። የከተማ ስም በ«አፕ» ካለቀ፣ እንደ ማንጂመፕና ናነፕ ከሆነ፣ የኑንጋር ሕዝብ ምድር የሆነው የምዕራብ አውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አገር ቤት ፀሐይ እንደ ወቅቱ በሰሜንም በደቡብም ታልፋለች። በአውስትራሊያ ደቡባዊ ክፍል ግን ዓመቱን ሙሉ በእኩለ ቀን በስተሰሜን ናት፤ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። የጨዋታው ኮምፓስ በእኩለ ቀን ጥላው ወደ ሰሜን መውደቁን ካሳያችሁ ከካፕሪኮርን መስመር (ፀሐይ በደቡብ በኩል አናት ላይ የምትደርስበት የመጨረሻ ወሰን) በላይ፣ ማለትም ከሮክሃምፕተንና ከአሊስ ስፕሪንግስ ሰሜን፣ በታኅሣሥ አካባቢ የተነሳ ነው።

ዛፍ ላይ ደግሞ እኛ ዕድልም ፈተናም አለን። ባሕር ዛፍ ከዚያው ከአውስትራሊያ በምኒልክ ዘመን መጥቶ እንጦጦን ያለበሰ ስለሆነ ዓይናችን ቶሎ ይለየዋል። በአውስትራሊያ ግን «ባሕር ዛፍ አለ» ማለት ምንም አለማለት ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች አሉትና። ዓይነቱን መለየት ነው የሚጠቅመው። ለአዲስ አበባ ሰው የተለመደው ነጭ ባሕር ዛፍ በተፈጥሮ የሚበቅለው በታዝማኒያና በደቡብ ቪክቶሪያ ነው። በመስመር ተተክሎ ካያችሁት ግን ተጠራጠሩ፤ ለወረቀት ጥሬ ዕቃ ሲባል በማውንት ጋምቢየር ዙሪያና በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡብም በሰፊው ይለማል። ቀይ ባሕር ዛፍ ደግሞ በአህጉሩ የደረቁ ወንዞች ዳር ሁሉ ስላለ ለግምት አይረዳም። ከተከዜ ሸለቆ ዲማ ጋር የሚዛመደው ሆዳም ግንድ ያለው ቦአብ ግን ፍርዱ አጭር ነው፤ የምዕራብ አውስትራሊያ ሰሜን የሆነው ኪምበርሊና ከእሱ የሚዋሰነው የኖርዘርን ቴሪቶሪ ጠርዝ ብቻ። ወጥመዱ ፐርዝ ኪንግስ ፓርክ ውስጥ ያለው ትልቁ ቦአብ ነው፤ በ2008 ከኪምበርሊ በጭነት መኪና ተጉዞ የተተከለ ነው። በጀርባው የከተማ ፎቆች ከታዩ አትታለሉ። እንደ መቃብር ድንጋይ ጠፍጣፋ ሆነው ሁሉም ጠባብ ጠርዛቸውን ወደ ሰሜንና ደቡብ ያደረጉ የምስጥ ኩይሳዎች ከሆኑ ደግሞ የሰሜኑ ጫፍ ናችሁ፤ ዝነኞቹ በዳርዊን ደቡብ በሊችፊልድ ፓርክ አሉ።

የታዋቂ ቦታዎች ግምት የሚበላሸው በመንትዮች ነው። በካርታችሁ ላይ መንትዮችን ጎን ለጎን ማስገባት ጨዋታውን ሕይወት ይሰጠዋል።

ቀዳሚው ኡሉሩና ማውንት ኮነር ነው። ከኤርልዳንዳ በላሴተር ሀይዌይ ወደ ኡሉሩ ሲነዱ በግራ በኩል ቀይ ተራራ ብቅ ይላል፤ ብዙ ተጓዥ መኪናውን አቁሞ ኡሉሩን አነሳሁ ይላል። እሱ ማውንት ኮነር ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ማውንት ኮነር እንደ አምባ አናቱ ጠረጴዛ ነው፣ ከሥሩም የተንሸራተተ ቁልቁለት አለው። ኡሉሩ አናቱ የተሞለሞለ ነው፣ ከሜዳው በድንገት በገደል ይነሳል፤ ቁመቱ 348 ሜትር፣ ዙሪያው 9.4 ኪሎ ሜትር ነው። ወሎንና ትግራይን የሚያውቅ አምባ ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውምና ይህን መንትያ ኢትዮጵያዊ መሳት የለበትም።

ሮዝ ሐይቆች ከዚህ ይከፋሉ። በምዕራብ አውስትራሊያ ፖርት ግሪጎሪ አጠገብ ያለው ሃት ላጉን ከአስፋልት ይታያል። ሌክ ሂሊየር ግን በኤስፐራንስ ዳርቻ ደሴት ላይ ስለሆነ በመንገድ አይደረስበትም፤ ፎቶው ብዙውን ጊዜ ከአየር ነው፣ ሐይቁን የከበበው አረንጓዴ ጫካና ቀጥሎ ሰማያዊ ባሕር ነው። ሌክ ባምባንጋ በደቡብ አውስትራሊያ ሎኪል ከተማ ዳር ነው፤ ከጨዉ ላይ ብቅ ያለ የባሕር አውሬ ምስል ከታየ ሌላ ጥያቄ የለም። ኤስፐራንስ አጠገብ ፒንክ ሌክ የሚባል ደግሞ አለ፤ ስሙ ሮዝ ሐይቅ ቢሆንም ጨዋማነቱ ስለቀነሰ ቀለሙ ከጠፋ ቆይቷል። ቀለሙን የሚሰጡት ጨው የሚወዱ ጥቃቅን አልጌዎችና ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ዝናብ ሲበዛና ጨዉ ሲሳሳ ይደበዝዛል። ስለዚህ ግራጫ ሐይቅ አይቶ «ይህ ሃት ላጉን ሊሆን አይችልም» ማለት ስህተት ነው፤ ዳርቻውንና መንገዱን ማየት ይገባል።

ዌቭ ሮክም መንትያ አለው። ከፐርዝ ምሥራቅ 340 ኪሎ ሜትር ላይ በሃይደን ያለው የማዕበል ቅርጽ አለት 15 ሜትር ከፍታና 110 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። በደቡብ አውስትራሊያ ሚኒፓ አጠገብ ያለው ፒልዳፓ ሮክ በፎቶ ሲታይ ወንድሙ ይመስላል፤ ከፍታው ግን ያንሳል፣ ጎብኚውም ጥቂት ነው። ፎቶው ውስጥ ሰው ከቆመ ቁመቱን በሰው መለካት ይቻላል፤ ማዕበሉ ከሰውየው ስምንት እጥፍ ገደማ ካለው ሃይደን ነው።

በመንገድ ዳር የተሠሩት ግዙፍ ሐውልቶች ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን በግ ሁለት ጊዜ አለ። በኒው ሳውዝ ዌልስ ያለው የጎልበርኑ በግ 15.2 ሜትር ነው፣ በ1985 የተሠራ፣ በ2007 ደግሞ ወደ ሂዩም ሀይዌይ መውጫ የተዛወረ። ሌላው በምዕራብ አውስትራሊያ ዋጊን ይገኛል፤ አነስ ይላል። ነዳጅ ማደያና የጭነት መኪና ካለ ጎልበርን፣ የተረጋጋ የገጠር ከተማ መናፈሻ ከሆነ ዋጊን በሉ። የኮፍስ ሃርበር ሙዝ (1964)ና የኪንግስተን 17 ሜትር ሎብስተር (1979) ለጀማሪ ልጆች ይተዉላቸው።

ቦታው ከታወቀ በኋላ «መቼ ተነሳ?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ግምቱን ያጣፍጠዋል፤ ጂኦጌሰር ይህን አይጠይቅም፣ እናንተ ግን በየሰው አሮጌ ፎቶ ላይ ጠይቁ። የቪክቶሪያ ባሕር ዳርቻ ሰዓቱን በፍርስራሽ ይቆጥራል። ለንደን ብሪጅ የተባለው የተፈጥሮ ድንጋይ ቅስት ከመሬት ጋር ከተያያዘ ፎቶው ከጥር 1990 በፊት ነው፤ በዚያ ወር ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ቅስት ወድቆ ሁለት ጎብኚዎች ተነጥለው በሄሊኮፕተር ወጥተዋል። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ከሚባሉት ባሕር ውስጥ የቆሙ የድንጋይ ምሰሶዎች አንዱ የወደቀው በሐምሌ 2005፣ በአጠገቡ ያለው አይላንድ አርችዌይ የተናደው በሰኔ 2009 ነው። ኡሉሩ ላይ የሚወጣ ሰው ሰልፍ ካለ ከጥቅምት 26 ቀን 2019 በፊት ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መውጣት ተከልክሏል።

የራሳችሁን የጉዞ ፎቶ ለጨዋታ ስትጠቀሙ መጀመሪያ የቦታ መረጃውን አውጡ። ስልክ በየፎቶው ውስጥ ኬክሮስና ኬንትሮስ ያስቀምጣል፤ ፎቶውን ወደ ላይ የጎተተ ልጅ ካርታውን ያያል። በአይፎን ስታጋሩ ከላይ ያለውን አማራጭ ከፍታችሁ ቦታን አጥፉ። በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ከተላከ መረጃው ይወገዳል፤ እንደ ሰነድ ከተላከ ግን አብሮ ይሄዳል። ሰዓቱ ከሜልበርን ያልተቀየረ ካሜራም ይሰብቃል፦ በበጋ በሜልበርንና በፐርዝ መካከል 3 ሰዓት፣ በክረምት 2 ሰዓት ልዩነት አለ። የባሕር ጀንበር መጥለቂያ በካሜራው ሰዓት ምሽት 4 ሰዓት (22:00) ላይ ከተመዘገበ ምዕራቡ ዳርቻ ነው።

ስለ ኔትወርክና ባትሪ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ የብዙዎች ቅሬታ እዚህ ላይ ነውና። ጂኦጌሰር ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ አስቀድሞ ማውረድም አይቻልም። በስቱዋርት ሀይዌይና በናላርቦር በከተሞችና በመንገድ ዳር ማደያዎች መካከል የስልክ ምልክት ለረጅም ርቀት ይጠፋል። ስለዚህ ጨዋታውን ኔትወርክ ላለባቸው ምሽቶች አስቀምጡ፤ ለሌሎቹ ምሽቶች ደግሞ 30 ያህል ፎቶ በስልክ ላይ አውርዳችሁ ያዙ። የሳተላይት ኢንተርኔት ያላችሁ ሒሳቡን ሥሩ። 60 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ከ12 ቮልት ባትሪ 5 አምፔር ይጎትታል፤ የሳተላይት ሳህኑም ያንኑ ያህል ወይም ትንሽ ይበልጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ለሁለት ሰዓት ሲሠሩ 20 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 100 አምፔር ሰዓት ያለውን አሮጌ ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥረው፣ ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚሠራ አስባችሁ ጨዋታውን በስልክ ብታደርጉት ይሻላል።

ክፍያን በተመለከተ ነፃው ጨዋታ በጣም የተገደበ ነው፤ በቁም ነገር ለመጫወት ደንበኝነት ያስፈልጋል። ካራቫን ውስጥ ግን አንድ ሰው ከፍሎ ስክሪኑን ወደ ጠረጴዛው ቢያዞር ለቤተሰብ ይበቃል። ጉዞው ሦስት ወር ከሆነ ለዓመት አትክፈሉ፤ በየወሩ ይዛችሁ ስትመለሱ አቋርጡ።

ጎግል ሌንስ አይሻልም ወይ ለሚሉ፦ ለሌላ ሥራ ነው። ሌንስ መልሱን ይሰጣል፣ ጂኦጌሰር መልስ እንድትፈልጉ ያደርጋል። ሌንስም ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የሚሠራውም ፎቶን ከተመሳሳይ ፎቶዎች ጋር በማመሳከር ስለሆነ፣ ብዙ ፎቶ ያለው ቦታ ጥቂት ፎቶ ያለውን ወደ ራሱ ሊስበው ይችላል። ፒልዳፓን ዌቭ ሮክ ቢለው አይገርምም። ክርክር ለመፍታት ከዙሩ በኋላ ተጠቀሙበት፤ መልሱንም በምሰሶና በታርጋ አረጋግጡ።

የጂኦጌሰር ትልቁ ድክመት ከመንገድ ርቆ የሚገኘውን አለማየቱ ነው። መኪና ያልደረሰበት ገደልና ሸለቆ በአብዛኛው የለም። ኡሉሩ በ2017 ከባለቤቶቹ ከአናንጉ ሕዝብ ጋር በመስማማት በእግር መንገዱ ዙሪያ ስለተነሳ ከዚህ የተለየ ነው። በአናንጉ ዘንድ የተቀደሱ፣ ፎቶ እንዳይነሱ በሰሌዳ የተጠየቀባቸው የቋጥኙ ክፍሎች አሉ፤ በ2020 የፓርኩ አስተዳደር ከአናቱ የተነሱ የጎብኚ ምስሎች ከካርታው እንዲወጡ ጎግልን ጠይቋል። ለቤተሰብ ካርታ የራሳችሁን ፎቶ ስታስገቡ እነዚያን ክፍሎች ተዉ፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ያለው ሰሌዳ የትኞቹ እንደሆኑ ያሳያል።

በቀን በጉዞ ላይ ለመቀጠል የሚፈልጉ ሁለት መኪኖች በዩ ኤች ኤፍ ሬዲዮ ቻናል 18 መጫወት ይችላሉ፤ የካራቫን ተጓዦች ቻናል ነው። የፊተኛው ተሳፋሪ የሚያየውን ይገልጻል፣ የኋለኞቹ ስሙን ይገምታሉ። ቻናል 5 እና 35 ለአደጋ ጊዜ ብቻ የተከለሉ ስለሆኑ አትንኳቸው፤ የጭነት መኪኖች የሚነጋገሩበትን 40ንም አታጣቡ። ፎቶ የሚያነሳውም ስልክ የሚይዘውም ተሳፋሪው ይሁን፤ ሹፌር ስልክ በእጁ መያዝ በሁሉም ክፍለ ግዛት የተከለከለ ነው፣ በብዙዎቹም ካሜራዎች ከላይ ወደ መኪናው ውስጥ ያያሉ።